ዊንዶውስ ከተቀየረ በኋላ ዝም ያለው ፕሪንተር

ደብረ ማርቆስ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ የምሠራባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ። ደንበኞቼ በአብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያሳትሙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ፈተና የሚያባዙ መምህራን፣ አቤቱታ ለማስጻፍ ከስናንና ከማቻከል የሚመጡ ገበሬዎች፣ ጥር ሲቃረብ ደግሞ የሠርግ ጥሪ ወረቀት የሚያሠሩ ቤተሰቦች ናቸው። ሥራው ሁሉ የሚያልፈው በሁለት ፕሪንተሮች በኩል ነው፤ አንዱ በዩኤስቢ ገመድ ብቻ የሚሠራው ትንሹ ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 ሲሆን፣ ሌላው በወረቀቱ ሁለት ገጽ ላይ የሚያትመውና የኔትወርክ መሰኪያ ያለው ሌዘርጄት ፒ2055ዲኤን ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደሚያበቃ ሳውቅ፣ የደንበኞችን ሰነድ የያዘ ኮምፒውተር የደኅንነት ማሻሻያ ሳያገኝ መቆየት የለበትም ብዬ ዋናውን ኮምፒውተሬን ወደ ዊንዶውስ 11 ለማሻገር ወሰንሁ። ማሽኑ ያገለገለ ቢሆንም አቅሙ ለአዲሱ ዊንዶውስ የሚመጥን ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። ኮምፒውተሩን ስገዛ የጫነልኝ ባለሙያ፣ የ1020 ሲዲ የሚሠራው በ32 ቢት (ከዊንዶውስ ሁለት ዓይነቶች አቅሙ ዝቅ ባለው፤ ሌላው 64 ቢት ነው) ብቻ ነው ብሎ 32 ቢት የሆነውን ዊንዶውስ 10 ጭኖልኝ ነበር። በዚህ ምክንያት የገዛሁት 8 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ ግማሹ ለዓመታት ያለ ሥራ ተቀምጧል፤ 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምምና። ዊንዶውስ 11 ደግሞ 32 ቢት የሚባል ዓይነት ጭራሽ የለውም። ከ32 ወደ 64 ቢት ሲታለፍ ያለውን እንዳለ ይዞ ማሻሻል ስለማይቻል፣ ፋይሎቼን ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጬ ኮምፒውተሩን ፎርማት ማድረግ ነበረብኝ። ይህንን ዓርብ ማታ ጀምሬ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ጨረስሁ፤ ለፕሪንተሩ ግን አራት ቀን አለቀ።

የአራቱን ቀን ጣጣ ያመጣው በትክክል ያልቀረበ ጥያቄ ነው። እኔ ስፈልግ የዋልሁት «አዲሱ ድራይቨር የቱ ነው?» እያልሁ ነበር። መጠየቅ የነበረብኝ ግን «ይህ ፕሪንተር የሚሰማው ቋንቋ የትኛው ነው?» የሚለውን ነው። ድራይቨር ማለት አስተርጓሚ ነው። ዎርድ ወይም ሌላ ፕሮግራም ያዘጋጀውን ገጽ ፕሪንተሩ ወደሚረዳው ቋንቋ ይመልሰዋል። አስተርጓሚው የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን፣ ፕሪንተሩ የማይሰማውን ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ምንም አይፈይድም፤ ዕድሜው የገፋ ሆኖ ቋንቋውን የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ሥራውን ይሠራል።

ጽሕፈት ቤቶች ውስጥ የምናገኛቸው ፕሪንተሮች በቋንቋ ረገድ በሁለት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛው ወገን ፒሲኤል ወይም ፖስትስክሪፕት የተባለውን የገጽ መግለጫ ቋንቋ በራሱ የሚረዳ ነው። ኮምፒውተሩ «ይህን ፊደል እዚህ ቦታ ላይ በዚህ መጠን አስቀምጥ» እያለ ይልክለታል፣ ገጹን ወደ ነጠብጣብ የሚለውጠው ግን ፕሪንተሩ ራሱ ነው። ፒ2055 ከዚህ ወገን ነው፤ ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማል። ሁለተኛው ወገን ገጹን እንዲያዘጋጅ የሚጠበቀው ኮምፒውተሩ የሆነበት፣ ፕሪንተሩ የተዘጋጀውን ነጠብጣብ ተቀብሎ ወረቀት ላይ ከማሳረፍ የማያልፍበት ርካሽ ዓይነት ነው። ሌዘርጄት 1020 ከዚህ ወገን ነው፤ በካኖን በኩል ደግሞ በየቦታው የምናየው ኤልቢፒ2900 እንዲሁ ነው። የእነዚህ ቋንቋ የየኩባንያቸው የግል ቋንቋ ስለሆነ፣ ለብዙ ሞዴል ያገለግላል ተብሎ የሚወጣው ዩኒቨርሳል ድራይቨር አይሠራላቸውም።

1020 ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጠባይ አለው። ራሱን የሚያንቀሳቅሰው የውስጥ ፕሮግራም፣ ማለትም ፈርምዌሩ፣ በፕሪንተሩ ውስጥ በቋሚነት አይቀመጥም። ፕሪንተሩ በበራ ቁጥር ድራይቨሩ ይህንን ፕሮግራም በዩኤስቢው በኩል ይልክለታል፤ ሲጠፋ ይረሳዋል። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ፕሪንተሩ እንደ አዲስ የሚወለድ ያህል ነው። ትክክለኛው ድራይቨር ከሌለ የኃይል መብራቱ እየበራ፣ ገመዱ ደህና ሆኖ፣ ቶነሩ ሞልቶ፣ ፕሪንተሩ ግን የሞተ ይመስላል። ይህንን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ቅዳሜን ሙሉ ገመድ በመቀያየር አላጠፋም ነበር። አቤቱታ ሊያስጽፉ የመጡ አንድ አዛውንት ከጎኔ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆይተው «ምነው ልጄ፣ ይህች መኪና ታመመች እንዴ?» አሉኝ። እኔም እንደ እርሳቸው በሽታው ከፕሪንተሩ የመጣ መስሎኝ ነበር።

የተሳሳትሁትን በቅደም ተከተል ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገድ ነውና። መጀመሪያ የድሮውን ሲዲ አስገባሁ፤ ለ32 ቢት የተሠራ ስለነበረ 64 ቢት የሆነው ዊንዶውስ አልቀበልም አለ። ቀጥዬ አንድ የማውቀው ልጅ «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ላይ የያዘ» ያለውን ፕሮግራም በፍላሽ አመጣልኝ። ፕሮግራሙ ያልጠየቅሁትን የድምፅና የምስል ድራይቨር ቀየረ፣ ኢንተርኔት ስከፍት ማስታወቂያ የሚደረድር ነገር ጫነ፣ ለፕሪንተሩ ግን አንዳች አልፈየደም። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ዛሬ የደንበኛ ሰነድ ባለበት ኮምፒውተር ላይ አላስገባም፤ ከማን እንደመጣ የማይታወቅ ድራይቨር በአስተዳዳሪ ሥልጣን መጫን፣ የቤትን ቁልፍ ለመንገደኛ እንደመስጠት ነው። ሦስተኛው ስህተት ከዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ ስሙ የሚቀራረብ ሌዘርጄት መርጦ መጫን ነበር። ድራይቨሩ ያለ ተቃውሞ ተጫነ፣ የላክሁት ሥራም ከወረፋው ላይ እንደታተመ ሁሉ ጠፋ፤ ፕሪንተሩ ግን ወረቀት አልሳበም። ዊንዶውስ የመረጥሁለት ድራይቨር ከፕሪንተሩ ጋር በቋንቋ መግባባቱን አይመረምርም። በስም መቀራረብ ላይ መመርኮዝ የሚያመጣው የከፋ ጉዳት በሌሎች ፕሪንተሮች ላይ ይታያል። የፖስትስክሪፕት ትዕዛዝ ያንን ቋንቋ ወደማይሰማ ፕሪንተር ሲላክ፣ ፕሪንተሩ ትዕዛዙን እንደ ተራ ጽሑፍ ቆጥሮ በላቲን ፊደልና በምልክት የተሞላ ገጽ እያከታተለ ያወጣል። ያ ሲያጋጥም መጀመሪያ የወረቀት መሳቢያውን መሳብ፣ ከዚያ ሥራውን ከኮምፒውተሩ ወረፋ ላይ መሰረዝ፣ በመጨረሻ ፕሪንተሩን አጥፍቶ ማብራት ይገባል። ፕሪንተሩን ብቻ አጥፍቶ ማብራት ወረቀቱን ከመጨረስ አያድንም፤ ወረፋው ካቆመበት ይቀጥላልና።

ሰኞ ዕለት ተረጋግቼ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ዲቫይስ ማኔጀር የተባለውን የዊንዶውስ ክፍል ከፍቼ ፕሪንተሩ ራሱን በምን እንደሚያስተዋውቅ አየሁ። እያንዳንዱ የዩኤስቢ ዕቃ የሠሪውንና የሞዴሉን መለያ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ በንብረት መግለጫው ላይ ሃርድዌር አይዲ የሚለው መስመር ያሳየዋል። የኤችፒ መለያ 03ኤፍ0፣ የካኖን 04ኤ9 ነው። ይህ ቁጥር ከታየ ኮምፒውተሩና ፕሪንተሩ በገመድ ተገናኝተዋል፣ የጎደለው አስተርጓሚው ብቻ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ጨርሶ ካልታየ ግን ድራይቨር መፈለግ ትርፉ ድካም ነው፤ ገመዱን፣ መሰኪያውን፣ ወይም ፕሪንተሩን መመርመር ይቀድማል። እኔ ቅዳሜ ዕለት ይህንን የሁለት ደቂቃ ሥራ አለመሥራቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ድራይቨሩን ያወረድሁት ከሠሪው ከራሱ ድረ ገጽ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሊያሳስት የሚችል ነገር አለ። ድረ ገጹ የምንጠቀምበትን ዊንዶውስ ራሱ ለይቶ ለዚያ የሚሆነውን ብቻ ያሳየናል፤ ለቆየ ፕሪንተር ዊንዶውስ 11 ላይ ሆነን ስንገባ ምንም እንደሌለ ሊነግረን ይችላል። ያን ጊዜ ተስፋ ሳይቆርጡ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመምረጥ የሚያስችለውን ቦታ ፈልጎ ለዊንዶውስ 10፣ ካልሆነም ለዊንዶውስ 7 የተዘጋጀውን 64 ቢት ድራይቨር መምረጥ ይቻላል። የስሪት ቁጥሩ ዝቅ ማለቱ ብዙ አያስጨንቅም፤ ዊንዶውስ 11 ቀድሞ በነበረው አሠራር የተዘጋጁትን የፕሪንተር ድራይቨሮች አሁንም ይቀበላል። የማይታለፈው የቢቱ ጉዳይ ነው። 64 ቢት ዊንዶውስ 64 ቢት ድራይቨር ይሻል፣ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ከሠሪው ድረ ገጽ ላይ ያጣ ሰው በማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ ላይ በሞዴሉ ስም ወይም ቅድም ባልሁት መለያ ቁጥር ሊፈልግ ይችላል፤ የሚገኘው የታሸገ ፋይል ስለሆነ ፈትቶ በአንድ አቃፊ ውስጥ ማስቀመጥና ዊንዶውስ ድራይቨሩ የት እንዳለ ሲጠይቅ ያንን አቃፊ ማሳየት ያስፈልጋል።

ከመጫኔ በፊት የቀደሙትን ሙከራዎች ርዝራዥ አጸዳሁ። ፕሪንተሩን ከዝርዝሩ ላይ መሰረዝ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ድራይቨሩ በዊንዶውስ ማከማቻ ውስጥ ተቀምጦ ይቆይና ገመዱ በተሰካ ቁጥር ያው የተሳሳተው ተመልሶ ይመጣል። ፕሪንት ሰርቨር ፕሮፐርቲስ የሚለው መስኮት ውስጥ ድራይቨርስ የሚል ገጽ አለ። እዚያ ገብቶ የማይፈለገውን መምረጥና ማስወገድ ይቻላል፤ ድራይቨሩን ብቻ ወይስ ከነጥቅሉ ብሎ ሲጠይቅ ከነጥቅሉ ማለት ነው። በሥራ ላይ ነው ብሎ እምቢ ካለ፣ ኮምፒውተሩን አስነስቶ ምንም ሳያትሙ ወዲያው መሞከር አብዛኛውን ጊዜ ይሳካል።

ከዚያ በኋላ የተከተልሁት ቅደም ተከተል ይህ ነው። ገመዱን ነቀልሁ፤ የወረደውን ፕሮግራም በአስተዳዳሪ ሥልጣን ከፈትሁ፤ ገመዱን እንድሰካ ሲጠይቀኝ ብቻ ፕሪንተሩን አብርቼ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ካለው ቀዳዳ ላይ በቀጥታ ሰካሁ። ገመዱን ቀድሞ መሰካት ዊንዶውስ በራሱ ግምት አንድ ነገር እንዲጭን ስለሚጋብዘው፣ መታገስ ይሻላል። አንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ ወደ ብዙ በሚያበዛ ማብዣ (ሀብ) ላይ መሰካትም ለእንዲህ ያለው ፈርምዌሩን በገመድ ለሚቀበል ፕሪንተር አይመከርም። ጥቂት ሰኮንዶች ቆይቶ ፕሪንተሩ ሞተሩን ሲያንጎራጉር ሰማሁ። ያ ድምፅ ፈርምዌሩን የመቀበሉ ምልክት ነበር፤ አራት ቀን ሙሉ ሳልሰማው የቆየሁት ድምፅ።

የሙከራ ገጹ ወጣ፤ የመጀመሪያው የደንበኛ ሥራ ግን አልወጣም። መብራቱ ብቻ ይርገበገብ ጀመር። ለካ አዲስ የተጫነ ድራይቨር የወረቀቱን መጠን ሌተር ብሎ ይዞ ነበር። ሌተር 216 በ279 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ እኛ የምንጠቀምበት ኤ4 ደግሞ 210 በ297 ነው። ፕሪንተሩ ያላገኘውን ወረቀት እየጠበቀ ነበር። ይህ ማስተካከያ በሁለት ቦታ ይገኛል፤ አንደኛው የአሁኑን ተጠቃሚ ምርጫ፣ ሁለተኛው አድቫንስድ በሚለው ገጽ በኩል የሚከፈተውን የሁሉም ተጠቃሚ መነሻ ይወስናል። ሁለቱንም ኤ4 ማድረግ ይገባል፤ አንዱ ብቻ ከተቀየረ ችግሩ ሌላ ቀን ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ብቅ ይላል።

መጫኑ የተሳካ መሆኑን የማረጋግጠው በሙከራ ገጹ ብቻ አይደለም። ፕሪንተሩን አጥፍቼ አበራለሁ፣ ኮምፒውተሩንም አስነሣለሁ፣ ከዚያ እንደገና አትማለሁ። መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት አገር ከዚህ የበለጠ ፈተና የለም። ሥራው ወረፋ ላይ ቆሞ ከቀረ የፖርቱን፣ ማለትም ሥራው ወደ ፕሪንተሩ የሚላክበትን መውጫ፣ ገጽ ማየት ነው፤ ገመዱ ወደ ሌላ ቀዳዳ ሲዛወር ዊንዶውስ አንዳንዴ ሌላ ፕሪንተር የመጣ መስሎት «ኮፒ 1» የሚል ሁለተኛ ስም ይፈጥራል፣ የቀድሞው ስም ግን ባዶ ቀዳዳ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ዊንዶውስ ዋናውን ፕሪንተር በራሱ እንዲመርጥ የሚፈቅደውን ምርጫም ማጥፋት ይሻላል፤ ካልሆነ በቅርብ የተጠቀምንበትን እየተከተለ ይለዋውጠዋል።

የፒ2055 ነገር ቀለል ያለ ነበር። የራሱን የመረጃ ገጽ በላዩ ካሉት አዝራሮች አሳትሜ የሚሰማቸውን ቋንቋዎችና የኔትወርክ አድራሻውን አየሁ፤ ከዚያ የኤችፒን ዩኒቨርሳል ድራይቨር ጫንሁ። ዩኒቨርሳሉ በፒሲኤል 6 እና በፖስትስክሪፕት ተዘጋጅቶ ይገኛል። ለተራ የቢሮ ጽሑፍ ፒሲኤል 6 ይበቃል፣ ፈጣንም ነው። ፖስትስክሪፕቱን የምመርጠው ከሥዕልና ከሕትመት ፕሮግራሞች የሚመጣ ገጽ ሲበላሽብኝ ነው። የቆየ የአማርኛ ፊደል በተጻፈበት ሰነድ ላይ በፒሲኤል አንዳንድ ፊደል ተዛብቶ ከወጣ፣ በድራይቨሩ የላቁ ምርጫዎች ውስጥ ፊደሉን እንደ ምስል እንዲልክ የሚያዘው መስመር ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል፤ ሕትመቱ ግን ጥቂት ይዘገያል። በኔትወርክ ስጭነው ዊንዶውስ በራሱ የሚያገኘውን ደብሊውኤስዲ የተባለ ፖርት ትቼ ፕሪንተሩን በኔትወርክ አድራሻው የሚጠራ ቲሲፒ አይፒ ፖርት ፈጠርሁ፣ የፕሪንተሩንም አድራሻ የማይለዋወጥ አደረግሁ፤ በደብሊውኤስዲ በተጫነበት ጊዜ ፕሪንተሩ እየበራ «የለም» የሚባልበት ቀን ይበዛ ነበርና።

የሁለት ገጽ ሕትመቱ መጀመሪያ ላይ ከምርጫው ውስጥ አልነበረም። አንድ መምህር የ40 ተማሪ ፈተና ይዞ ቆሞ ሳለ ነው ይህንን ያወቅሁት። ዩኒቨርሳል ድራይቨር የፕሪንተሩን አካል ሁሉ ሁልጊዜ አይለይም። በንብረት መግለጫው ላይ ዲቫይስ ሴቲንግስ የሚለውን ገጽ ከፍቶ ዱፕሌክስ ዩኒት የሚለውን «ተገጥሟል» ማለት ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ምርጫው ይመጣል።

ድራይቨሩን ያለ ጥፋቱ የከሰስሁበት አንድ ጉዳይም ነበር። ከአዲሱ ኮምፒውተር የታተመ የመመረቂያ ጽሑፍ ፊደሉ ሰፍቶ፣ ሰንጠረዡ ፈርሶ፣ የገጽ ቁጥሩም ከማውጫው ጋር ሳይገጥም ወጣ። ተማሪዋ ማልቀስ ቀራት። ድራይቨሩን ሁለት ጊዜ ነቅዬ ጫንሁት። ምክንያቱ ግን ጽሑፉ የተጻፈበት ኒያላ የተባለው ፊደል አዲሱ ዊንዶውስ ላይ አለመኖሩ ነበር። ኒያላ ቀድሞ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር፤ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ግን ተለይቶ የሚጨመር ሆኗል፣ በሌለበትም የግዕዙን ፊደል ኤብሪማ የተባለው ይተካዋል። የኤብሪማ ስፋት ከኒያላ ስለሚለይ መስመሩና ገጹ ሁሉ ይፈናቀላል። መፍትሔው በሴቲንግስ ውስጥ ከተጨማሪ አገልግሎቶች ዝርዝር ላይ የኢትዮጵያን ፊደላት ጥቅል መጨመር ነው፤ ኢንተርኔት ግን ይፈልጋል። ከዚህ በኋላ የገጽ ቅርጽ ሲበላሽብኝ በመጀመሪያ ሰነዱን ወደ ፒዲኤፍ እቀይረዋለሁ። ፒዲኤፉም ከተበላሸ ድራይቨሩ ንጹሕ ነው፤ ፒዲኤፉ ደህና ሆኖ ወረቀቱ ብቻ ከተበላሸ ግን ወደ ድራይቨሩ እሄዳለሁ።

ሁሉ ነገር ከተስተካከለ ከሳምንት በኋላ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «እትዬ፣ 1020ው ከነስሙ ጠፋ» ብሎ ጠራኝ። ልጁ የደኅንነት ነገር መስሎት በፕሪንተሮች ገጽ ላይ ያለውን ዊንዶውስ ፕሮቴክትድ ፕሪንት ሞድ የሚባል ምርጫ አብርቶት ነበር። ስሙ በጎ ነው፤ ሥራው ግን ከሠሪዎች የመጡትን ድራይቨሮች ሁሉ አስወግዶ አይፒፒ በተባለው ዘመናዊ አሠራር የሚግባቡትን ፕሪንተሮች ብቻ ማስቀረት ነው። 1020 ያንን አያውቅም። ምርጫውን አጥፍተን ድራይቨሩን እንደገና ጫንነው፤ አሁን ከስክሪኑ ግርጌ «እዚህ አትንኩ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

ሁለተኛው ኮምፒውተሬ አሮጌ ስለሆነ ዊንዶውስ 11ን አይችልም፤ እርሱን በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ ወደተባለው ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቀየርሁት። እዚያ ላይ የኤችፒ ፕሪንተሮችን የሚይዘው ኤችፒሊፕ የተባለው ሶፍትዌር ነው። ፒ2055 ያለ ምንም ጣጣ ሠራ። ለ1020 ግን ከኤችፒሊፕ በተጨማሪ ፕለጊን የተባለ የባለቤቱ ጭማሪ መውረድ አለበት፤ ፈርምዌሩ የሚገኘው በእርሱ ውስጥ ነው። የፕለጊኑ ስሪት ከኤችፒሊፑ ስሪት ጋር አንድ መሆን ስላለበት፣ ኡቡንቱ ወደ ሌላ ስሪት በተሻሻለ ቁጥር ፕለጊኑም እንደገና መምጣት አለበት።

አማኑኤል ከተማ ያለች አንዲት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ስለ ጋራ አጠቃቀም ጠይቃኝ ነበር፤ ፕሪንተሩ ከአንዱ ኮምፒውተር ጋር በዩኤስቢ ተገናኝቶ ሌላው በኔትወርክ ሲጠራው መጨረሻው 11ቢ የሆነ የስህተት ቁጥር ያወጣባታል። በ2021 እ.ኤ.አ. የሕትመት ወረፋውን በሚያስተዳድረው የዊንዶውስ ክፍል፣ በፕሪንት ስፑለር፣ ላይ ከባድ የደኅንነት ክፍተት ከተገኘ በኋላ ማይክሮሶፍት ሕጉን አጥብቋል፤ ከሌላ ኮምፒውተር ድራይቨር ስቦ ለመጫን የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈልጋል፣ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ማሻሻያቸው እኩል ካልሆነ ደግሞ አይግባቡም። መጀመሪያ ሁለቱንም ማሻሻል ነው። ያ ካልረዳ፣ በሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ድራይቨር ለብቻው መጫንና የጋራውን ፕሪንተር አድራሻ እንደ አካባቢያዊ ፖርት ጽፎ ማያያዝ ነው። እርሷ በሁለተኛው መንገድ ተሳክቶላታል። ጥበቃውን ሬጅስትሪ በተባለው የዊንዶውስ ውስጣዊ የማስተካከያ መዝገብ ውስጥ ገብቶ የሚያጠፋውን ዘዴ ግን አልነገርኋትም።

1020ውን ለምን አትጥይውም የሚሉኝ አሉ። 12ኤ የተባለው ቶነሩ በየሱቁ ይገኛል፣ ይሞላል፣ አንዱ ወደ 2,000 ገጽ ያትማል፤ መለዋወጫም አይጠፋም። ይሁን እንጂ ቀጥሎ የምገዛው ፕሪንተር እንደ እርሱ አይሆንም። ማይክሮሶፍት በ2023 እ.ኤ.አ. ከሠሪዎች የሚመጡ የፕሪንተር ድራይቨሮችን በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ማቅረቡን ደረጃ በደረጃ እንደሚያቆም አስታውቋል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ካርቶኑ ላይ ሞፕሪያ ወይም ኤርፕሪንት የሚል ምልክት እፈልጋለሁ፤ እንዲህ ያለው ፕሪንተር የሠሪውን ድራይቨር ሳይጠብቅ ከየትኛውም አዲስ ሲስተም ጋር ይግባባል።

እስከዚያው የሁለቱን ፕሪንተሮች 64 ቢት ድራይቨር፣ የኒያላን ፊደልና የኡቡንቱውን ፕለጊን በአንድ ፍላሽ ላይ አስቀምጬ ከመሳቢያዬ ውስጥ አኑሬአለሁ፤ ኢንተርኔት በሌለበት ቀን ኮምፒውተር ፎርማት ማድረግ ግድ ሊሆን ይችላልና። በ1020ው ክዳን ውስጠኛ ክፍል ላይም በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ለጥፌአለሁ፦ የድራይቨሩ ፋይል ስም፣ 64 ቢት፣ ኤ4፣ ገመዱ መጨረሻ ላይ ይሰካ።